ኢታኖል ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፤ ደሴ

ከሆጤ ሰፈር እስከ አውቶቡስ ተራ ጭጋጉን እየቀዘፍኩ ወረድኩ። የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ኮምቦልቻ የምሄደው ከአንድ መጋዘን ሁለት ሊትር አልኮል ልለምን ነው። ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ተማሪዎቼ ሁለት ነጭ ዱቄቶችን በአልኮል አሟሙተው አዲስ ቢጫ ውሁድ ሲሠሩ ካላየ፣ ቤተ ሙከራችን የስብሰባ አዳራሽ ይሆናል።

2 ሰዓት ተኩል፤ ኮምቦልቻ

ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ደብዳቤዬን አገላብጦ አየና፣ «ጓድ መምህርት፣ ማኅተሙ ደብዝዟል» አለኝ።

«ስሙ ይነበባል እኮ!»

«እኔ የምፈርመው ማኅተም አይቼ ነው፣ ስም አንብቤ አይደለም።»

ደብዳቤውን አጽድቆ የመጋዘኑን ማኅተም የሚመታበት ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለት ሳምቡሳ በልቼ፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን መፈክሮች በቃሌ እስክይዛቸው ጠበቅኩ። አልኮሉን ያገኘሁት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

8 ሰዓት፤ ኬላ

ሚሊሻው የጀሪካኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። ወረቀቴን አየ።

«እዚህ ኢታኖል ይላል። ጀሪካኑ ላይ አልኮል ተብሎ ተጽፏል።»

«አንድ ነገር ነው!»

«አንድ ከሆነ ሁለት ስም ምን ያደርግለታል?»

ጀሪካኑ ቀረ። አውቶቡሱ ሲነሳ በንዴት እያለቀስኩ ነበር።

9 ሰዓት ተኩል፤ ዳገቱ ላይ

ራዲያተሩ ፈላና ሁላችንም ወረድን። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዘምዘም፣ ቅመም ሸጠው ወደ ኩታበር የሚመለሱ እናት፣ ያስለቀሰኝን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ሁለቱም ዱቄት ናቸው? ታዲያ አብረሽ አትወቅጫቸውም?»

«ደረቅ ከደረቅ አይዋሃድም፣ እትዬ። መሟሟት አለበት።»

«ወላሂ፣ ሞክረሽዋል?»

አልሞከርኩም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

11 ሰዓት ተኩል፤ ደሴ

ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጓንት አድርጌ ሁለቱን ዱቄቶች በሸክላ መውቀጫ ፈጨሁ። ምንም የለም። እትዬ ዘምዘምን እያማሁ ክንዴ እስኪዝል ፈጨሁ። ድንገት ደረቁ ነገር እርጥብ ሊጥ መሰለ፤ ከዚያ ከዳር ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ጥቂት ወስጄ አሞቅኩት፤ ሁለቱም ዱቄቶች በሚቀልጡበት ሙቀት አልቀለጠም። ሌላ ነገር ሆኗል፤ ያለ አንድ ጠብታ አልኮል።

ዐርብ ጠዋት

ተማሪዎቹ ፈጩ፣ ተቆጣጣሪው ቆሞ አየ፣ ቢጫው መጣ። «አልኮሉስ?» አለ። «አላስፈለገም» አልኩት። ቤተ ሙከራችንም ቀረልን።

ከዚያ የቀረኝ ከጉዞው ሁሉ የከበደኝ ነገር ነበር። ወደ ተማሪዎቼ ዞሬ፣ «ደረቅ ከደረቅ አይዋሃድም እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ አሳስቻችኋለሁ፤ ደብተራችሁን አውጡ፣ እናርመው» አልኩ።