ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ድሪቶ

ጦርነቱ ጋብ ብሎ ክረምት ሊገባ ሲል፣ መርሳ የምትኖረው ጓደኛዬ ደውላ "ኤግዚቢሽን አዘጋጅቻለሁና ነይ" አለችኝ። ያን ሰሞን ወልድያ ውስጥ ያልደከመው ሰው አልነበረም። ሥራ እንገባለን፣ እንወጣለን፣ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ አለቃና ተላላኪ እኩል እንደነግጣለን። እንቅልፍ የሚሉት ነገር ከቤታችን ከወጣ ቆይቷል። የትም መሄድ አላሰኘኝም።

"የምን ኤግዚቢሽን?" አልኳት።

"የድሪቶ።"

ሳቄ መጣ። ድሪቶ እኛ ዘንድ የሚደበቅ ነገር ነው። እንግዳ ሲመጣ ተጠቅልሎ ጓዳ ይገባል፤ ከሳጥን ጥሩው ጋቢ ይወጣል፤ የቤቱ ሰው ግን ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተጣጣፈውን ለብሶ ያድራል። እንግዳዋን ድሪቶ ያለበሰች ሴት ወሬዋ ወንዝ ይሻገራል። ጓደኛዬ ልብስ ሰፊ ናት። ከተማው ሲዘረፍ የስፌት መኪናዋም፣ ጨርቋም፣ የእናቷ ሳጥን ሙሉ ጋቢና ብርድ ልብስም ተወሰደ። ቁርጥራጩንና ድሪቶውን ግን ማንም ዞር ብሎ አላየው። እሷም በተረፈው ጨርቅ በእጇ መስፋት ጀመረች።

ሚኒባስ ውስጥ እያንቀላፋሁ ደረስኩ። ኤግዚቢሽኑ ያለበት ትምህርት ቤት አዳራሽ በር ላይ እናቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ለቅሶ የመጣሁ መሰለኝ።

"እትዬ፣ አይገቡም?"

"ወዴት ልግባ? ገበናዬን ሰቅላ አገር ጠርታበት። ከአልጋዬ ላይ አንስታ ነው እኮ የወሰደችው።"

"ልጅዎ ደክማበታለች፣ ይግቡላት።"

"እኔም ደክሞኛል" አሉኝ።

ብቻዬን ገባሁ። መሀል ላይ የተሰቀለውን፣ ጓደኛዬ በእጇ የሰፋችውን ሳይ ግን በስልክ በመሳቄ አፈርኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ቅዳጅ፣ የአበባ መጋረጃ፣ የአሮጌ ቀሚስ ጥለት፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። "እጅሽ ይባረክ" አልኳት። አልሰማችኝም፤ ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

"ሌላ ሰው ባይመጣም ግድ የለኝም" አለች። "እማዬ ብቻ ገብታ ባየችልኝ።"

ከሰዓት በኋላ ልጅ ያዘለች ሴት ገባች። ከራያ በኩል ተፈናቅለው እዚያው ግቢ፣ የመማሪያ ክፍሎቹ ሲሚንቶ ላይ ከሚተኙት አንዷ ናት።

"ብርድ ልብስ ይታደላል ብለውኝ ነው" አለች።

"አይ እህቴ፣ ለማየት ብቻ ነው" አለች ጓደኛዬ።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። አንድ በአንድ ዞራ አየች። "ያምራል" ብላ ልትወጣ ስትል እናትየው ገቡ። ማንንም ሳያዩ በቀጥታ ሄደው የራሳቸውን ድሪቶ ከምስማሩ ላይ ነቀሉት።

"ሰው እየበረደው ግድግዳ ይለብሳል?" አሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ድሪቶውን ሴትዮዋ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላት። "ይቅር በይኝ ልጄ። ለእንግዳ የሚሆን ነበረኝ፣ ወስደውብኝ ነው።"

ወደ በሩ ሲመለሱ መሀል ያለውን ድሪቶ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ ወጡ።

"ገባች፣ አይደል?" አለችኝ ጓደኛዬ። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አላወቀችም።

ሰዓት እላፊው ስለደረሰ ወደ ወልድያ መመለሻ አጣሁና እነሱ ቤት አደርኩ። ራት ከበላን በኋላ ጓደኛዬ ያን የመሀሉን ድሪቶ አምጥታ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ የአንቺን ሰጥተሽዋልና ይሄን ልበሺ።"

እናትየው ወደ መብራቱ ቀረብ አድርገው አዩት። ገልብጠው የጀርባውን ስፌት አዩ። ከዚያ ተነሥተው እኔ የተቀመጥኩበት መደብ ላይ ዘረጉት።

"ኧረ እትዬ፣ እርስዎስ ምን ሊለብሱ ነው?"

"ለእኔ ነጠላዬ ይበቃኛል" አሉ፣ ጠርዙን እያስተካከሉ። "ይሄማ የእንግዳ ነው።"

ጓደኛዬ ሳህኖቹን ሰብስባ ጓዳ ገባች። ሳትመለስ ብዙ ቆየች። እኛም አልጠራናትም።