ቴርሞስ ለፈተና ቀረበች

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሻይና ውሃ ይዛ ሦስት ፎቅ ስትወጣ ስትወርድ «ቴርሞስ» የሚል ቅጽል ወጣላት፤ እሷም ለምዳው አቤት ትላለች። ታዲያ «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይፈለጋል፤ የውስጥ ሠራተኞችም መወዳደር ይችላሉ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ማጣበቂያው ሳይደርቅ የተመዘገበችው ቴርሞስ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እየሠራች ተምራ ጨርሳለች። ጉልበቷም በደረጃው ማማረር ከጀመረ ቆይቷል። ይሄ ዕድል ካመለጣት ጡረታ እስክትወጣ ትሪ እንደተሸከመች እንደምትቀር ታውቀዋለች።

ደግሞስ ቃለ መጠይቅን እንደ እሷ የሚያውቅ ማን አለ? ፈታኞቹ ፊት ውሃ ስታስቀምጥ ስንቱን ሰምታለች! ጥያቄዎቹ በየዓመቱ ያው ናቸው፤ ወረቀቱ እንኳ አልተቀየረም። «ድክመትዎ ምንድን ነው?» ሲባል ሁሉም «ሥራ ማብዛቴ» ይላል። እንዲህ ብሎ የተቀጠረውን አንዱን ጎልማሳ፣ ከምሳ በኋላ በሻይ ከእንቅልፉ የምትቀሰቅሰው እሷ ናት።

እሑድ ቀን ልብስ ሰፊው ባሏ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ፈታኝ ሆኖ ተሰየመ።

«እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪኝ።»

«ሃያ ዓመት አብረን ኖረን ዛሬ ገና ነው የምትጠይቀኝ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ ካልሽማ ከበር ነው የሚመልሱሽ!»

«እሺ በቃ፣ ድገመው።»

አሥር ጊዜ ደጋገሙት። መጨረሻ ላይ ባልየውም ለመዝገብ ቤት ሥራ ብቁ ሆነ።

ማክሰኞ ጠዋት ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ መጨረሻ ገባች። ከሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ጎን የተቀመጡት ሥራ አስኪያጅ «ይቀመጡ» ሲሏት፣ ማንን ነው ብላ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። አሥራ አንድ ዓመት «አንቺ» ሲሏት የኖሩ ሰውዬ ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ኃላፊዋ ገና «ድክመት...» ከማለቷ፣ እሷ «ሥራ ማብዛቴ!» ብላ እርፍ። ፈታኞቹ ተያዩ። የተቀረው መልስ ሁሉ ከራሷ ላይ ብን ብሎ ጠፋ።

ይሄኔ ሥራ አስኪያጁን ሳል ያዛቸው። አልለቅ ሲላቸው እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ እሷ አወዛወዙ።

«እስቲ... ውሃ... አምጪልን!»

ቴርሞስ ብድግ ልትል ቃጣት። ግን ትሪ ይዛ ከተመለሰች ማንም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አድርጎ እንደማያያት ገባት። ፈራች፤ ተናደደችም። ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ጌታዬ፣ ውሃ የምታመጣዋ ዛሬ ፈተና ላይ ናት።»

ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል፤ የእሷ መውጫ ግን ለጊዜው አልታይ አላት። ኃላፊዋ ሳቋን እንደምንም አፍና ተነሳች።

«ብርጭቆው የት ነው ያለው?»

«ሁለተኛው ክፍል፣ የግዢ ፋይሎቹ መደርደሪያ ላይ፣ ከታች በግራ በኩል። ጥግ ላይ ያሉትን አያንሷቸው፣ ጠርዛቸው ተሸርፏል። ከጀርባቸው ያለው ቢጫ አቃፊ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትፈልጉት የከረማችሁት የጨረታ ሰነድ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳላቸውን ረሱት።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ኃላፊዋ በአንድ እጇ ውሃ፣ በሌላው ቢጫውን አቃፊ ይዛ ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁ ውሃውን ጠጥተው ሰነዱን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ያን አሮጌ የጥያቄ ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«መዝገብ ቤቱን ከሰኞ ጀምሮ ይረከቡ» አሉ፤ ቀጥሎም ፊታቸው ቅጭም አለ። «ግን እንግዲህ ውሃ ማን ሊያመጣልን ነው?»

ቴርሞስ በደስታ ከወንበሩ ብድግ አለች። ምላሷም አላሳፈራትም።

«ማስታወቂያ ያውጡ፣ ጌታዬ። ከፈለጉ እኔ እፈትንልዎታለሁ።»