የወንድሜ ምራቂ

አባቴ ጫት የሚቅመው ቤቱ ተቀምጦ ስለነበር ራሱን እንደ ጨዋ ቃሚ ይቆጥር ነበር። ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግሮ የሚመጣው ጫት ከቀትር በኋላ ሰፈራችን ካርቲየ 6 ደርሶ የመኪኖቹ ጡሩንባ ሲያንባርቅ፣ ወንድሜን "ሩጥ የኔ አንበሳ!" ይለዋል። ወንድሜም ጫቱ የሚጠቀለልበትን እርጥብ ጨርቅ ይዞ ይፈተለካል። ሻጭዋ የአባቴን እስር ታስይዘውና ለራሱ ለተላላኪው ምራቂ ትጨምርለታለች፤ አንድ ሁለት ቀንበጥ። ከትንሽነቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ምራቂው አልበቃው አለ። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ጠዋት ትምህርት የለም፣ "ደህና አደርክ?" ሲሉት ይቆጣል። እናቴ ልጄን ልነጠቅ ነው ብላ ፈራች። በሰፈሩ አዳራሽ ወላጅና ልጅ አብረው ስለ ሱስ የሚማሩበት ፕሮግራም መከፈቱን ስትሰማ ሦስታችንንም እየነዳች ወሰደችን። አባቴ መንገዱን ሙሉ "ያበላሹት ጓደኞቹ! እኔ ምን አግብቶኝ ነው ክፍል የምቀመጠው?" እያለ አጉረመረመ።

አስተማሪዋ ወላጆችን ለብቻ፣ ልጆችን ለብቻ ካነጋገረች በኋላ ሁላችንንም ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ አደረገች። ወሬው ሁሉ በሶማሊኛና በፈረንሳይኛ ነው። "ጫት ቤታችሁ በማን እጅ ይገባል?" ብላ ጠየቀች። ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ በቤታችን ቋንቋ፣ በአማርኛ "በእኔ እጅ። አባዬ ነው የሚልከኝ። መቃም የጀመርኩትም በምራቂው ነው" አለ። ከእኛ በቀር የገባው ሰው አልነበረም።

"ምን አለ?" አለች አስተማሪዋ። እናቴና እኔ ተያየን። ዛሬ ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና የልጁን ቃል አንድም ሳያስቀር በሶማሊኛ ተናገረው። የዚያን ቀን ያህል አባቴን ወድጄው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጡሩንባው ሲነፋ ያን ቦርጩን ይዞ ራሱ በፀሐይ ይወጣ ጀመር። ሻጭዋ ምራቂውን ለእሱ ትሰጠዋለች፤ እሱ ደግሞ ወንድሜ እያየው የጎረቤትን ፍየል ያጎርሳታል። እናቴ "በል እንግዲህ፣ እሷንም ሱሰኛ አድርጋት!" ስትለው ወንድሜ ይስቃል። ሳቁን ከሰማን ስንት ጊዜያችን!

አንድ ቀን አባቴን ትኩሳት ጣለው። ጡሩንባው ተነፋ። ወንድሜ ብድግ ብሎ "አባዬ፣ ልሂድልህ?" አለ። አባቴ ጡሩንባው እስኪርቅ አዳመጠና "ይቅር። ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ" አለው። ወንድሜ ተቀመጠ። ያን ቀን ቤታችን ጫት አልገባም። የከፋት ፍየሏ ብቻ ነበረች፤ እስኪመሽ ድረስ ደጃችን ቆማ ስትጮህ ዋለች።