የእህቴ ክብሪት

ታናሽ እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት። አንድ ቀን በትምህርት ቤታችን ሰርቪስ ውስጥ ስትወድቅ ሹፌሩ ደንግጠው መኪናውን ቦይ ውስጥ ሊከቱት ምንም አልቀራቸውም። ርእሰ መምህሩም «ሹፌሮቻችን የመጀመሪያ እርዳታ እስኪሠለጥኑ ሰርቪስ እንዳትገባ» አሉ።

ቤታችን ከአምቦ ከተማ ወጣ ያለ ነው። እናቴ ለጥቂት ሳምንታት በእግር አመላለሰቻት። ከዚያ ደከማትና እህቴ ቤት መዋል ጀመረች። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ስለነበርኩ በሰርቪሱ መሄዴን ቀጠልኩ። በእሷ ወንበር ላይ ቦርሳዬን አስቀምጥ ነበር።

ሹፌሩ ጤና ጣቢያ ሠልጥነው ሲመለሱ የሰርቪሱ ረዳት «ጋሼ፣ በሦስት ቀን ዶክተር ሆኑ አሉ!» ብላ አሾፈችባቸው።

«ዶክተርስ ያክማል። እኔ የተማርኩት ምን እንደማልነካ ነው» አሏት።

እህቴ በተመለሰችበት ቀን እናቴ ቦርሳዋ ውስጥ ክብሪት ከተተችላት። የሚጥል በሽታ የጣለውን ሰው የክብሪት ጭስ ያነቃዋል ይባላል።

የሁሉቃን ድልድይ እንደተሻገርን ጣላት። ልጆቹ «ክብሪት! ክብሪት ጫሩላት!» እያሉ ጮኹ። ረዳቷ ከቦርሳው አውጥታ ልትጭር ስትል ሹፌሩ መኪናውን ዳር አቁመው መጡ።

«አምጪው» ብለው ክብሪቱን ኪሳቸው ከተቱት። እህቴን በጎኗ አስተኝተው ጃኬታቸውን ከጭንቅላቷ ሥር አደረጉላት።

«ምን እናድርግላት?» አልኳቸው።

«እንጠብቃት። አምስት ደቂቃ ካለፋት ሆስፒታል ነው።»

ጠበቅን። ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል። እኔ ግን የሰዓታቸውን ማሰሪያ ነበር የማየው። በጥቁር ክር ተሰፍቷል።

አምስት ደቂቃው ሳይሞላ መንቀጥቀጧ ቆመ። ቆይታ ዐይኗን ገለጠችና «ደረስን?» አለች።

«ገና ነን፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲያደርሱን የሆነውን ለእናቴ ነገርናት። እናቴ «ታዲያ ምን አደረጉላት?» አለቻቸው።

«ጠበቅናት።»

«ክብሪቱስ?»

«ይኸውልሽ» ብለው ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ከፍታ አየችው። አላመሰገነቻቸውም፣ አልተቆጣቻቸውም። «ነገም ይመጣሉ?» ብቻ አለቻቸው።

«እመጣለሁ።»

በማግስቱ ክብሪቱን መልሳ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እህቴ ስትገባ ሹፌሩ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ክብሪቱን ትሰጣቸዋለች። ዳሽቦርዱ ላይ ያኖሩትና ማታ ስትወርድ ይመልሱላታል።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እናቴ ጋ ስደውል መጀመሪያ የምጠይቃት «ዛሬ ሰርቪስ ገባች?» ብዬ ነው።

«ከነክብሪቷ» ትለኛለች።