ለአንድ ሌሊት ያቆየነው መርዶ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ዓቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እዚህ ላሊበላ ከተማ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ብዙውንም ረስቻለሁ፤ ያን ዕለትና ያን ሌሊት ግን መርሳት አልቻልሁም። ያደረግነው ነገር ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም ብዬ ራሴን ስጠይቅ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።

የምሠራው በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ከገጠር የሚመጡ ናቸው። ከብልባላ፣ ከገነተ ማርያም፣ ከዚያም ከራቀ አገር መጥተው በከተማው ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ስንቃቸውን ከቤታቸው በአህያ ወይም በጀርባቸው ያመጣሉ። ወላጆቻቸውን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያዩ እነርሱ ያውቃሉ።

የእነዚህ ልጆች የመከራ ቀን የካርድ ቀን ነበር። በትምህርት ቤታችን ልማድ ካርድ ለተማሪው አይሰጥም። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ስም ይጠራል፤ ወላጅ ከተቀመጠበት ተነሥቶ በሰው ሁሉ ፊት ይቀበላል፤ ይጨበጨባል። ወላጅ ያልቆመለት ልጅ ግን ሁሉም እስኪያልቅ ድረስ ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃል። ስሙ ተጠርቶ ዝም ሲባል የሚሰማውን ነገር እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ይህን መታገሥ ያልቻሉ ጥቂት የከተማው ወላጆች ተሰባሰቡ። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልሾማቸውም። የሩቅ አገር ልጆችን ተከፋፍለው ወሰዱ። ሲታመሙ ይጠይቋቸዋል፤ በበዓል ቤታቸው ይጠሯቸዋል፤ በካርድ ቀን ስማቸው ሲጠራ ይቆሙላቸዋል። የቅዱሳኑን ስፍራ ለእንግዶች በማስጎብኘት የሚተዳደሩት ጋሽ ዓለሙ ከእነዚህ ወላጆች አንዱ ናቸው። «በቤቴ ሁለት ልጅ ብቻ ነበረኝ፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ግን ስቆምና ስቀመጥ ነው የምውል። ሚስቴ ከየት አመጣኻቸው ማለት ጀምራለች» እያሉ ያስቁን ነበር። መሪጌታም አሉ፤ በካርድ ቀን ከማኅሌት ወጥተው፣ ጥምጥማቸውን ሳይፈቱ ይመጣሉ።

እናቴም ከእነርሱ ጋር ናት። እናቴ የሆቴል አንሶላና ፎጣ አጣቢ ነች። እንግዳ ሲጠፋ የሥራዋ ቀን አጠረ፤ የተረፋትን ጊዜ ለእነዚህ ልጆች ሰጠች። ከሁሉም አብልጣ የያዘቻት ስንዱን ነበር።

ስንዱ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ከማንም ጋር አትነጋገርም ነበር። ልጆች በአነጋገሯ ስለሳቁባት ቃል ማውጣት ተወች። ምሳዋን ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትበላ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠችና ምንም ሳትጠይቅ ከምሳዋ ቆርሳ በላች። «የብልባላ ገብስ ነው መቼም፣ እንዲህ የሚጣፍጥ» አለቻት። ስንዱ በዚያ ቀን ሳቀች። ከዚያ ወዲህ «እማ» ትላት ጀመር።

በዚያ የካርድ ቀን ወላጆች በግቢው ዛፎች ሥር በተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበርሁ። ስም መጠራት ከተጀመረ በኋላ አንድ ጋቢ የለበሱ፣ በትር የያዙ ሰው ቀስ ብለው መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። አቧራ እስከ ጉልበታቸው ወጥቷል።

«የወላጅ ቦታው ይኸ ነው፣ የኔ ልጅ?»

«አዎን፣ አባባ። የማን ወላጅ ነዎት?»

«የስንዱ። የስንዱ ሞላ። ከብልባላ ነው የመጣሁ።»

በጣም ደስ አለኝ። ልጃቸው ጎበዝ መሆኗን፣ መጽሐፍ ስትዋስ በቀጠሮዋ የምትመልስ እርሷ ብቻ መሆኗን ነገርኋቸው። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ተነሥቼ ለእናቴ ልንገራት እያልሁ ሳስብ መምህሩ «ስንዱ ሞላ!» ብሎ ተጣራ።

አቶ ሞላ በትራቸውን ተደግፈው ለመነሣት ከወንበሩ ከፍ አሉ። በዚያው ቅጽበት እናቴ ከፊት ረድፍ ተነሥታ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ደርሳ ነበር። ጭብጨባው ግቢውን ሞላው። ስንዱ ከግድግዳው ሥር ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሰውዬው መልሰው ተቀመጡ።

«እኒያ ሴትዮ ማን ናቸው?» አሉኝ።

«እናቴ ናት። ወላጆቻቸው ሩቅ ለሆኑ ልጆች የሚቆሙ ሰዎች አሉ። ለስንዱ እንደ እናት ሆና የምትቆምላት እርሷ ናት።»

«እንደ እናት» አሉ። ከዚያ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

የተቀየሙ መሰለኝ። «ይቅርታ ያድርጉልን፣ አባባ፤ መምጣትዎን ብናውቅ ኖሮ ማን ከእርስዎ ቀድሞ ይነሣ ነበር! አሁኑኑ ልጥራልዎት» ብዬ ተነሣሁ። ክንዴን ያዙኝ።

«እንዳትጠራት! እንዳታየኝ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «እናቷን ቀብሬ ነው የመጣሁ።»

እንዴት አድርጌ ከዚያ እንዳስነሣኋቸው አላስታውስም። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወሰድኋቸውና በሩን ዘጋሁት። ባለቤታቸው በጥቂት ቀን ሕመም ነበር ያረፉት። ጎረቤት ሁሉ ስንዱን ለቀብር አስቀድሞ መጥራት አይሆንም፣ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ ያረዳታል ብሎ ከለከላቸው። ስለዚህ አባትየው ራሳቸው መጡ። ልጅቷ ከሩቅ አይታ እንዳትጠረጥር ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ሳይሆን እንደ ወትሯቸው ነበር ያደረጉት።

«እዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም» አሉኝ። «ብቻውን ያረዳ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? አባት ለልጁ፣ ብቻውን፣ መንገድ ዳር? ምናልባት መምህሮቿ ሰው ይሰበስቡልኝ እንደሆን ብዬ ነው እዚህ የመጣሁ።»

እናቴን፣ መሪጌታንና ጋሽ ዓለሙን አንድ በአንድ ጠራኋቸው። እናቴ ነገሩን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እኔ አልችልም» አለች። «ዛሬ ስለ እናቷ ቆሜ፣ ሰው አጨብጭቦልኝ፣ በምን አፌ ነው እናትሽ የለችም የምላት?»

አቶ ሞላ አጠገቧ ተንበረከኩ። «እመቤቴ፣ እርስዎ ባይቆሙላትማ ወዴት ልሄድ ነበር? ወገን እንዳላት ያየሁት አሁን ነው። ከእርስዎ ሌላ ማን ይያዝልኝ?» አሏት። እናቴ ከዚያ በኋላ አልችልም አላለችም።

ጋሽ ዓለሙ «ታዲያ አሁኑኑ ለምን አንነግራትም?» ብለው ጠየቁ። ቀልድ የማያጣው ፊታቸው ተለውጦ ነበር። መሪጌታ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀኑ እየመሸ ነው። አሁን ብትሰማ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አድራ፣ ነገ ባዶ ሆዷን ያን ሁሉ መንገድ ልትሄድ ነው። ዛሬ ትብላ፣ ትተኛ። ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ሄደን እናረዳታለን። አባቶቻችንም ያቆዩን ይህንኑ ነው» አሉ። የተከራከረ አልነበረም። መሪጌታም አቶ ሞላን ለማደር ወደ ራሳቸው ቤት ወሰዷቸው።

በዚያ ቀን ስንዱ እኛ ቤት እራት በላች። እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። መምህሩ ስም ሲጠራ መነጽሩን እንዴት እንደሚያነሣ ልክ እንደ እርሱ አድርጋ አሳየችን። ለፋሲካ አገሯ ስትገባ ካርዷን ለእናቷ እንዴት አድርጋ እንደምታነብላት ነገረችን። «ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በጣቴ ነው የማሳያት» አለች። እኔ ምግቤን ትቼ ውኃ ጠጣሁ። እናቴ ደግሞ ደጋግማ አጎረሰቻት፤ በመካከሉም እየተነሣች ወደ ማድቤት ትሄድ ነበር።

«እማ፣ ምነው ዓይንዎ ቀላ?» አለቻት ስንዱ።

«እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ልጄ፤ ጢሱ ነው።»

«ነገ ከትምህርት ቤት መልስ ደረቅ ለቅሜ አመጣልዎታለሁ።»

እናቴ ተነሥታ እንደገና ወደ ማድቤት ገባች። ጨለማው ሳይበረታ ስንዱን ወደ ክፍሏ ሸኘኋት። መንገዱን ሁሉ እያወራች ሄደች።

ጎህ ሲቀድ መሪጌታ፣ ጋሽ ዓለሙ፣ እናቴ፣ እኔና ሌሎች ለልጆቹ የሚቆሙ ወላጆች ከስንዱ በር ላይ ደረስን። አቶ ሞላ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ከኋላችን ቆመዋል። እናቴ በሩን መታች። ስንዱ ፀጉሯን በሻሽ እያሰረች ወጣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ አለብኝ። እነዚህ ወላጆች ጾም ሊገባ ሲል ልጆቹን ሁሉ ለቅበላ ቤታቸው ይጠራሉ። ሊጠሩም የሚመጡት እንዲህ ተሰብስበው፣ እየተሳሳቁ ነው። ስንዱ በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው ስታይ ፊቷ በራ።

«እንዴ! ሁላችሁም መጣችሁ! ቅበላው ዛሬ ነው እንዴ?»

ጋሽ ዓለሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እናቴ እጇን ዘርግታ ልትይዛት ቀረበች። ስንዱ ግን ከትከሻችን በላይ አሻግራ አባቷን አየች፤ ከዚያም ጋቢያቸውን አየች።

«እማዬስ?» አለች።

መሪጌታ አስቀድመው ያሰቧቸው የማጽናኛ ቃላት ነበሩ፤ አንዱም ከአፋቸው አልወጣም። እናቴ እንዳትወድቅ ወገቧን ይዛት ነበር፤ በመጨረሻ ሁለቱም አብረው ወደቁ። የዚያን ጩኸት ነገር ልጽፈው አልሞክርም።

ያን ቀን ሁላችንም ከእርሷ ጋር ወደ ብልባላ ሄድን። በለቅሶው ዳስ ውስጥ የአገሩ ሰው እነማን ናቸው ብሎ ሲጠይቅ አቶ ሞላ «የልጄ ወገኖች ናቸው» ሲሉ ሰማሁ። ቦታ ለቀቁልን፤ እንደ ዘመድ ተቀመጥን።

ለአርባዋ ቀን እናቴና እኔ ተመልሰን ሄድን። ዳሱ ፈርሶ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ስንዱ መጥታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። ከስታለች። ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እማ፣ ያን ማታ ስንበላ ያውቁ ነበር?»

እናቴ ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም። «አውቅ ነበር» አለች።

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

«እኔ ስስቅ እያያችሁኝ?»

«አንዲት ሌሊት ደህና እንድትተኚ ብለን ነው፣ ልጄ።»

ስንዱ አቀረቀረች። የተናገረችው በቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ ለእኛ ይቀልልን ነበር።

«ደህና አድርጌ ተኝቼ ነበር» አለች። «የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ደህና ተኛሁ።»

እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት።

ስንዱ ከፋሲካ በኋላ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ላትመለስ ትችላለች ብለን ፈርተን ነበር፤ ታናናሾቿን አክስቷ ያዘችላት። ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። ቤታችን ትመጣለች፤ እናቴንም ዛሬም እማ ነው የምትላት። ያን ጥያቄ ዳግመኛ አንሥታ አታውቅም።

እናቴ፣ ነገሩ እንደገና ቢመጣ ያንኑ እንደምታደርግ ትናገራለች። ጋሽ ዓለሙ ያን ማታ ልንነግራት ይገባ ነበር ይላሉ። እኔ የሁለቱንም ስሰማ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ሰው የራሴ ያለውን ልጅ ከሐዘን ሊሸሽግ መፈለጉ ፍቅር ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ያ ሌሊት የስንዱ ነበር፤ እኛ ደግሞ ሳንጠይቃት ወስደንባታል።

አሁን ስንዱ አንዳንድ ጊዜ በምሳ ሰዓት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ትመጣና ከጓደኞቿ ጋር ትጫወታለች። እንደ ድሮዋ ትስቃለች፤ መምህሮቿን አስመስላ ታሳያለች። ታዲያ በሳቋ መካከል ድንገት ዝም ትልና የሁላችንንም ፊት አንድ በአንድ ታያለች። የእኔ ተራ ሲደርስ መጽሐፌን ዘግቼ ቀና እላለሁ፤ እስክትጨርስ ድረስም ፊቴን አላዞርባትም።