እማ የእህቷን ድምፅ መለሰች

ዛሬ እናቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ከምትሸጥበት ሱቋ ሆና ስልኳን እያሳየችኝ፣ «የዘይነባን ድምፅ እንዴት ነው የምመልሰው?» አለችኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ዘይነባ እንፍራንዝ ያለችው ታናሽ እህቷ ናት። የልጇን ኒካህ ዘግይታ ነገረችኝ ብላ እማ ካኮረፈቻት ስምንት ወር ሆኗል። ያኔ «መልእክቷ ሲመጣ እንዳይጮኽብኝ አድርጊልኝ» ስትለኝ ሚዩት ያደረግኩት እኔ ነኝ። (አዎ፣ የኩርፊያው ቴክኒሻን ነበርኩ።)

ስልኩን ልቀበላት ስል እጄን መለሰችው። «አንቺ ንገሪኝ እንጂ፣ የምነካውስ እኔው ነኝ።»

«እሺ እማ፤ ስሟን ጫን አድርገሽ ያዢ። ዝርዝር ሲመጣልሽ ደግሞ የደወሏን ምልክት ንኪ።»

ፊደል የቆጠረችው እኛን አሳድጋ ከጨረሰች በኋላ ነው። መነጽሯን አስተካክላ ነካችው።

ከዚያ ያልሰማቻቸውን የድምፅ መልእክቶች ከፈተች። የመጨረሻው የዛሬ ጠዋት ነበር፦ «እታለም፣ ባትመልሺልኝም ሰላም ልበልሽ ብዬ ነው።»

እማ ደንበኞቿ ፊት አለቀሰች። ወዲያው ደወለችላትና፣ «ዘይነብዬ፣ ታላቅ ሆኜ ሳለ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለቻት።

በእናቴ እንደ ዛሬ ኮርቼ አላውቅም።

እናንተስ ድምፁን ዘግታችሁ የተዋችሁት ሰው አለ? የከፈታችሁለት ካላችሁ፣ መጀመሪያ የሰማችሁት ምን ነበር?