ጭምት የጠፋበት የውሃ ቀን

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት መስከረም ሊጋመስ ሲል፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ይኸው እስከ ዛሬ በግቢያችን «ውሃ መጣ» የሚል ድምፅ ስሰማ ሌላው ሰው ደስ ሲለው የእኔ ልብ ድንግጥ ይላል።

የምሠራው ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ነው። የምኖረው ደግሞ ቂርቆስ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ፣ ብቻዬን ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር አልነበረም። አበባ እንኳ ተክዬ አድርቄአለሁ።

ቢሯችን ትሠራ የነበረች አንዲት የውጭ አገር ሴት ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል አክሶሎትሏን የሚወስድላት ሰው ፈለገች። አክሶሎትል ማለት ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ እንሽላሊት የሚመስል፣ አራት እግር ያለው ፍጥረት ነው። ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተንዠረገገ ነገር አለው፤ በእሱ ነው የሚተነፍሰው። የእሷ ጥቁር ነው፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ሰው ሁሉ ሲሸሽ እኔ ጠጋ ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እኔ እወስደዋለሁ አልኩ። ዝም ብሎ ተቀምጦ ስለሚውል ስሙን ጭምት አልኩት።

ሴትዮዋ ምክሯን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ፀሐይ አይንካው፣ ጠጠር ስለሚውጥ ጠጠር አታድርጊበት፣ የሚደበቅበት ጨለማ ቦታ አዘጋጂለት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ሁለት ቀን ተከፍቶ ሳይቆይ እንዳይነካው አለች። ውሃው ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት ያቃጥለዋል።

ችግሩ የመጣው ከገንዳው ነው። እሱ የኖረበትን የመስታወት ገንዳ ወደ ቤት ስወስደው ታክሲ ውስጥ ሰነጠቅኩት። በማግስቱ ሜክሲኮ ሄጄ አንድ መስታወት ቤት አዲስ አዘዝኩ። ሠራተኛው «የሳምቡሳ ማሳያ ነው?» አለኝ። የእንስሳ ቤት ነው ስለው ሳቀብኝ፣ ግን አሳምሮ ሠራልኝ። የጠርዙ ማጣበቂያ ደርቆ ሽታው እስኪለቅ ግን አንድ ሳምንት መጠበቅ ነበረብኝ።

እስከዚያው ጭምትን ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቤቴ ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል። በግቢው ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ቢኖር ጀሪካኖቻችንን የምንደረድርበት የቧንቧው ጥግ ብቻ ነው። ሳፋውን እዚያ፣ ከጀሪካኖቼ ጎን አኖርኩ። ጠርዙ የተሰበረ የሸክላ ድስት በጎኑ አጋደምኩለት፤ ገብቶ ተኛበት። ከላይ በወንፊት ከደንኩት።

ለማንም አልተናገርኩም። ጎረቤቴ እትዬ እልፍነሽ ካዩት ጋኔን ነው ብለው ግቢውን በጠበል የሚያጥለቀልቁት መሰለኝ። ምግቡ ትል ነው፤ ከጓሮ ስቆፍር ያዩኝ ጎረቤቶች አበባ ልትተክል ነው ብለው ደስ አላቸው። እኔም አላረምኳቸውም።

በግቢያችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ሰዓቱ አይታወቅም። ስለዚህ ውሃው ሲመጣ ቤት የተገኘ ሰው የሌለውንም ሰው ዕቃ ይሞላል። የጎረቤትን ጀሪካን ባዶ ትቶ የራስን ብቻ መሙላት በእኛ ዘንድ ሰላምታ ከመንፈግ የባሰ ነው። እትዬ እልፍነሽ ደግሞ እናቴ ካረፈች ጀምሮ ራሳቸውን አሳዳጊዬ አድርገው ሾመዋል። የእኔን ዕቃ አንድም ቀን ረስተው አያውቁም።

ያን ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ ገባሁ። ጀሪካኖቼ ሞልተዋል። ሳፋውም ንጹሕ ውሃ እስከ አፉ ሞልቶ ያብረቀርቃል። ወንፊቱ ታጥቦ ተሰቅሏል። የሸክላው ድስት ግድግዳው ሥር ተደፍቷል። ጭምት የለም።

ክው ብዬ ቀረሁ። ውሃው ውስጥ ምንም እንደሌለ እያየሁ ክንዴን እስከ ክርኔ አስገብቼ ዳበስኩ።

እትዬ እልፍነሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ ወጡ። ፊታቸው ሁሉ ደስታ ነው። ሳፋው ውስጥ የነበረው ውሃ ቆይቶ ሊሸት ምንም አልቀረውም ነበር፣ ገልብጬ አጥቤ አዲስ ሞላሁልሽ አሉኝ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ላይ እንዴት ይጮሃል? የት እንደደፉት ብቻ ጠየቅኳቸው።

ቅር አላቸው። «የት እደፋዋለሁ? ውሃ መሬት ላይ ይደፋል እንዴ? ሽንት ቤት በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩት እንጂ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በእኛ ግቢ ያገለገለ ውሃ አይደፋም፤ ለሽንት ቤት ይጠራቀማል። ሮጥኩ።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ውስጥ ያሉት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ግቢው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ጆጉ የበርሜሉን ግድግዳ ሲፍቅ ይሰማኛል። ውሃ እየቀዱ ነው።

ሽማግሌ የገባበትን ሽንት ቤት መደብደብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። በሁለት እጄ ደበደብኩት።

«ጋሼ፣ ውሃውን እንዳይደፉት! እባክዎ እንዳይደፉት!»

የጆጉ ድምፅ ቆመ። የጎረቤት በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። እትዬ እልፍነሽ ከኋላዬ መጥተው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ያመመኝ ነው የመሰላቸው።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ታደሰ በአንድ እጃቸው ቀበቷቸውን፣ በሌላው ቀዩን ጆግ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘዋል። ፊታቸው ነጥቷል። ጆጉ ውስጥ ጭምት አለ። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ፣ ትንሿን እጁን ጠርዙ ላይ አሳርፎ ያየኛል። እዚያው ተንበረከክሁ።

«ያንቺ ነው?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

«ልደፋው ዘንበል ሳደርገው እጁን ጠርዙ ላይ አደረገ» አሉ በቀስታ። «ጣት ያለው ነገር እንዴት ይደፋል፣ ልጄ?»

እትዬ እልፍነሽ አማተቡ። ጋኔን ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ነገሩ ሲገባቸው ግን ጀሪካን ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። «ገድዬብሽ ነበር እኮ። ለምን አልነገርሽኝም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?» አሉኝ። የፈራሁት እሳቸውን ነበር፤ ጭምትን ለሞት ያደረሰው የእኔ ድብቅነት ነው።

በኋላ ሳስበው የባሰ ደነገጥኩ። ውሃ ጠፍቶ ስለሰነበተ በርሜሉ ባዶ ነበር። ጭምት ጥቁር ስለሆነ በጨለማው ጥግ ሳያዩት የገለበጡት ከራሱ አሮጌ ውሃ ጋር ብቻ ነው፤ ያዳነውም እሱ ነው። እትዬ እልፍነሽ ሳይገለብጡ በላዩ ላይ አዲሱን ቢሞሉበት ኖሮ ተቃጥሎ ይሞት ነበር።

አሁን ጭምት በሳምቡሳ ማሳያው ውስጥ፣ ከአልጋዬ ራስጌ ይኖራል። እትዬ እልፍነሽ ውሃ በመጣ ቁጥር አንድ ጀሪካን ሞልተው፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስረው፣ ክዳኑን ከፍተው ያስቀምጣሉ። ያን ጀሪካን የሚነካ ሰው ከእሳቸው ጋር ይጣላል።

እኔን ግን ድንጋጤው አለቀቀኝም። ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ጆጉን ከመንከሬ በፊት ጎንበስ ብዬ በርሜሉን አያለሁ። ባለፈው ለጋሽ ታደሰ ይህን ብነግራቸው አልሳቁብኝም። እሳቸውም እንደሚያዩ ነገሩኝ።